ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ

ሴትየዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የካቴድራሉን ጨርቅ ስትተኩስ ነው የኖረችው። የመሠዊያው ልብስ፣ የአገልጋዮቹ ነጭ ቀሚስ፣ የመጋረጃው ዘርፍ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ሰው ሁሉ «እትዬ ካውያ» ይላታል። ከመልመዷ የተነሳ በእውነተኛ ስሟ የጠራት ሰው ቢኖር «ማንን ነው?» ብላ ወደ ኋላዋ ትዞራለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነበር የምትኖረው፣ ከካቴድራሉ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት። ወንድሟ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነበር። የብር ጽዋዎቹ፣ በወርቅ ክር የተጠለፉት ካባዎች፣ በቆዳ የተለበጡት መጻሕፍት፣ የሁሉም ቁልፍ አርባ አንድ ዓመት ከወገቡ አልተለየም። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ ሌላው ሰው ግን «ጋሽ ዝምታ» ነው የሚለው። ጠዋት ሲወጣ «መጣሁ» ይላል፤ ማታ ሲገባም «መጣሁ» ይላል። ለመሄዱም ለመምጣቱም አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

አንድ ቀን ካቴድራሉ ለጎብኚ እንዲከፈት ተወሰነ። ዕቃው ጨለማ ውስጥ ከሚያረጅ ሰው ይየው ተባለ። ለዚሁ ሥራ ከሌላ ቦታ አንድ ኃላፊ ተሾመ፤ ፈጣን፣ ወረቀት ከእጁ የማይለይ፣ ሲናገር እየተራመደ የሚናገር ሰው። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ዝምታ ያኮርፋል ብሎ ጠብቆ ነበር። አርባ አንድ ዓመት የቆለፈውን ክፈት ሲባል ማን ደስ ይለዋል? እሱ ግን ሲጠየቅ፣

«ይከፈት። አየር ያስፈልገዋል» አለና ቁልፉን ፈቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ችግሩ ሌላ ነበር። በመዝገቡ ላይ ያለው «ጽዋ፣ የብር፣ አሮጌ» የሚል ብቻ ነው። የትኛው ጽዋ በእሳት ቃጠሎ ጊዜ በመስኮት እንደተወረወረ፣ የትኛው ካባ በማን እጅ እንደተጠለፈ የሚያውቅ ከጋሽ ዝምታ ሌላ ሰው የለም። ኃላፊው ሦስት ቀን አሰበበትና «በቃ፣ ራሳቸው ይተርኩት» አለ። ጎብኚው አንገቱ ላይ ትንሽ ማዳመጫ ያንጠለጥላል፤ በየቦታው የተለጠፈውን ቁጥር ሲጫን የጋሽ ዝምታ ድምፅ ጆሮው ላይ ያወራለታል። ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ሃያ ሁለት ታሪክ።

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሽ ዝምታ? እንደምን አደርክ ለማሰኘት እንኳ አማላጅ የሚያስፈልገው ሰው?»

ግን ተናገረ። የድምፅ ባለሙያ የሆነች ጎልማሳ ሴት መጣች፤ መስኮቱንና በሩን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ማይክራፎኗን ይዛ ከቁጥር ወደ ቁጥር ሁለት ሳምንት አብራው ዞረች። እትዬ ካውያ በግድግዳው ማዶ ልብስ ስትተኩስ የወንድሟ ድምፅ ተሰማት። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ ልክ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወራ። ይህን ሁሉ ቃል የት አስቀምጦት ኖሯል ብላ ስትገረም ካውያው እጅጌ ላይ ቆይቶ አቃጠለባት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያቃጠለችው እሱን ብቻ ነው።

ጉብኝቱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወንድሟ ሞተ። ቀትር ላይ ነበር። ምሳ አቅርባ «ወንድም ጋሼ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ስትጠራው ዝም አለ። ዝምታው አዲስ ስላልሆነ ትንሽ ቆየች። ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጫማ አስሮ፣ የሁለተኛውን ክር በእጁ እንደያዘ ነበር።

ከዚያ በኋላ የልብስ ንጽሕናው ሥራ ለውጪ ድርጅት ተሰጠ። ኃላፊው ጠርቷት፣ «እትዬ፣ መግቢያው ላይ ማዳመጫ የሚያድልና የሚሰበስብ ሰው ያስፈልገኛል። ከከበደዎት ግን አላስገድድዎትም» አላት። ከበዳት። ግን ቤት ውስጥ ከሁለት ወንበር ጋር ተፋጦ መዋል የባሰ መሰላትና እሺ አለች።

በሩ ተከፈተ፤ ሰው ጎረፈ። እትዬ ካውያ ማዳመጫውን ታንጠለጥላለች፣ ታሳያለች፣ ትሰበስባለች። እሷ ግን አንድም ቀን ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም። ማድረግም አላስፈለጋትም። ጎብኚዎቹ ማዳመጫውን ሳያጠፉ ነው የሚመልሱት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመሩት ትናንሽ ጆሮ ማስገቢያዎች የወንድሟን ድምፅ ያንሾካሽካሉ። አንዱ ስለ ጽዋው፣ አንዱ ስለ ደወሉ፣ አንዱ ስለ ተሰነጠቀው ዓምድ። አስር አስራ አምስት ወንድም ጋሼ በአንድ ላይ፣ ልክ እንደ ነፍሳት መንጋ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ በአንድ እየፈለገች ታጠፋ ነበር። ኋላ ተወችው።

በሁለተኛው ወር ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ማዳመጫውን ሲመልሱ ፈገግ አሉ።

«የሚተርከው ሰውዬ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!»

«ወንድሜ ነው» አለች።

«ታድለሻል። አስራ አራት ቁጥር ላይ ስደርስ ‹ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ› አለኝ። በአክብሮት! የዛሬ ሰው እንዲህ ማለት ረስቷል።»

አስራ አራት ቁጥር በሰሜን በኩል ያለችው ጠባብ የጸሎት ክፍል ናት፤ ነጩ ካባ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የቆመባት። እትዬ ካውያ የትረካው ክፍል ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱ አንዲት ወጣት ማዳመጫውን ከአንገቷ እየነቀለች፣ «ቆይ፣ እዚህ ውስጥ ካሜራ አለ እንዴ?» አለቻት።

«ካሜራ? የምን ካሜራ?»

«የቆምኩበትን አየኝ እኮ። ‹ትንሽ ፈቀቅ በይ› አለኝ። ከዚያ ፈቀቅ ስል ‹እንደሱ› አለና ቀጠለ።»

ለሽማግሌው «ይበሉ»፣ ለወጣቷ «በይ»። የተቀዳ ድምፅ አንዴ ተቀድቷል፤ ማን ሊሰማው እንደቆመ በምን ያውቃል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከአስራ አራት ቁጥር መንቀል አቃታት። ከጠረጴዛዋ ሆና የክፍሏን ቅስት ታያለች። ሰው ይገባል፣ መስታወቱ ፊት ይቆማል፣ ቁጥሩን ይጫናል። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ያዘነብላል። ቀጥሎ እግሩን ያያል። ከዚያ ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ይጠጋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ሰዓት፣ ሁሉም ያንኑ አንድ እርምጃ። ባልና ሚስት አብረው ሲገቡ ሁለቱ እኩል ፈቀቅ ይላሉ፣ እኩል ይተያያሉ። ሁሉም አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ግድግዳው ጋ የቆመ ሰው ዝም ብሎ ሰምቶ ይወጣል። ክፍሉ መሐል፣ ሰፊዋ ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ ላይ የቆመ ግን የማይነሳ የለም።

ለኃላፊው ነገረችው። እሱም ሳያንገራግር ማዳመጫ አንስቶ ሄደ፤ ግድግዳውን ተደግፎ አስራ አራት ቁጥርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። ተመለሰ።

«እትዬ፣ ስለ ካባው ብቻ ነው የሚያወራው። ጽሑፉም ይኸው፣ ‹ፈቀቅ› የሚል ቃል የለበትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ሐዘኑ ገና ነው። ጥቂት ቀን ይረፉ?» አላት።

«የሰማሁት እኔ አይደለሁም፤ ሰው ነው የሰማው» አለች። አእምሮዋ እንደ ተነካ ሰው እያያት መሆኑ ገብቷታል።

የድምፅ ባለሙያዋን በስልክ ለምና አስመጣቻት። ሴትየዋ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያዳመጠች ስትፈልግ ቆይታ፣ በድንገት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄን እኮ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ» አለች። «ማዳመጫዎቹ ላይ አልተጫነም። ከእኔ ዘንድ ሌላ የትም የለም።» አሰማቻት።

የእግር ኮቴ፣ የጨርቅ መንኮሻኮሽ፣ ከዚያ የወንድሟ ድምፅ፦ «ትንሽ ፈቀቅ በይ። እዚያ ላይ አትቁሚ።»

የባለሙያዋ ድምፅ፦ «ለምን?»

«ከስሩ ባዶ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ስጠርግ ድምፁ ይለያል።» ከዚያ፣ ልክ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «አንዳንድ ቀን ደግሞ ከታች በኩል ሲጠረግ ይሰማኛል» አለ።

በቅጂው ላይ ሴትየዋ ስትስቅ ይሰማል። እሱ አልሳቀም።

«ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለች ባለሙያዋ፣ ኮምፒውተሩን እየዘጋች። «እሱም ቢሆን ‹በይ› ያለኝ እኔን ነው። ለወንድ፣ ለሽማግሌ የተቀዳ የለም። እትዬ፣ እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።» ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ጎብኚ ሲወጣ፣ እትዬ ካውያ አንድ ማዳመጫ አንስታ አንገቷ ላይ አጠለቀች። ፀሐይዋ በባለቀለሙ መስኮት ገብታ ወለሉን ቀይና ሰማያዊ አድርጋዋለች። ከአንድ ቁጥር ጀመረች። ወንድም ጋሼ ስለ በሩ ነገራት፣ ስለ ዓምዱ ነገራት፣ በእሳቱ ቀን ስለተወረወረው ጽዋ ነገራት። በሕይወት ሳለ አንዱንም አልነገራትም ነበር። አላለቀሰችም፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈች።

አስራ አራት ቁጥር ደረሰች። ግድግዳው ጋ ቆማ ተጫነች። ካባው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጠላፊ እንደደከመበት ተረከ። ጨረሰ። ሌላ ምንም የለም።

ትንሽ ጠበቀች። እንደገና ተጫነች። ያው ካባ፣ ያው ጠላፊ። እንግዳውን ሁሉ ያነጋገረ ሰው እህቱን ዝም አላት። ቅር አላት። ከዚያ የቆመችበትን አየችና ገባት። ሆን ብላ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጥቁሩ ድንጋይ መሐል ላይ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ተጫነች።

ትረካው ሄደ፣ ሄደ፣ አለቀ። ጆሮዋ ውስጥ ግን ባዶነቱ አልመጣም። አንድ ሰው ይተነፍስ ነበር። ለስላሳ፣ ደከም ያለ፣ ደረጃ ወጥቶ እንደጨረሰ ሰው። ከእግሯ ስር፣ በጫማዋ በኩል፣ አንድ ነገር ሾ... ሾ... እያለ ሲፋቅ ተሰማት። የመጥረጊያ ምት ነበር።

«አንቺን እኮ ነው» አለ ወንድሟ፣ ቆጣ ብሎ። «ተነሽ ከዚያ፣ እሙዬ።»

እሙዬ የሚላት እሱ ብቻ ነበር፤ ያውም ሕፃን ሳለች። እንዴት ከድንጋዩ እንደወረደች አታስታውስም። ራሷን ያገኘችው ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው።

በማግስቱ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁለት የገመድ ማገጃ ጎትታ የክፍሏን ቅስት ዘጋች። ወንበሯን አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ኃላፊው ወረቀቱን እንደያዘ እየተራመደ መጣ።

«እትዬ፣ ማን ፈቅዶልዎት ነው?»

«ማንም።»

«ዛሬ ሁለት የተማሪ ቡድን አለብኝ። ዋናው የሚያዩት ይሄ ካባ ነው። እባክዎ ይነሱ።»

«አልነሳም። ከፈለግክ ከነወንበሬ አስነሣኝ።»

«ሰዉ በአሉባልታ ይስቅብናል እኮ! ይኸው፣ ልርገጠውና ይዩ» ብሎ ገመዱን አነሣ፤ ወደ ድንጋዩ ቀረበ። አንገቱ ላይ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል፤ ጆሮ ማስገቢያው ግን ደረቱ ላይ ነው፣ ቁጥርም አልተጫነም። አንድ እግሩን አንስቶ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ቀጥ አለ። እግሩ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ እግሩን መለሰና ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ።

«ምን አለህ?» አለችው።

«ምንም» አለ። ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ አላነሣቸውም። «ግንበኛ ጥሩልኝ።» ምን እንደሰማ ከዚያ ወዲህም አንድም ቀን አልተናገረም።

ግንበኛው ረፋዱ ላይ መጣ፤ ሥራውን የሚወድ፣ እያፏጨ የሚሠራ ሰው። በመዶሻው እጀታ ድንጋዩን መታ መታ አደረገና ማፏጨቱን አቆመ። ከዳር ሆኖ ዲጂኖውን በስንጥቁ አስገብቶ ገና ሲደገፈው ድንጋዩ ለሁለት ተሰብሮ ወደ ታች ሄደ። ሁሉም ድምፁን ጠበቀ። አፍታ ቆይቶ ከታች ጓ አለ። በዚያ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ማዳመጫ ይጠባበቁ ነበር። እትዬ ካውያ እነሱን አየችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

አቧራው ሲረግብ ግንበኛው በባትሪ አየ። ቀዳዳው አጠገብ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ ወደ ታች የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። የየደረጃው መሐል ተበልቷል፤ ብዙ እግር፣ ብዙ ዘመን የረገጠው።

«ይሄ ነገር ከተዘጋ ስንት ጊዜው ነው?» አለ ግንበኛው።

«ፕላኑ ላይ የለም» አለ ኃላፊው። «መኖሩን የሚያውቅም የለም።»

ግንበኛው በደረቱ ተኝቶ፣ ክንዱን ሰድዶ፣ በንጣፉ ጠርዝ ከአቧራው በተከለለው ጎን ያለችውን ሁለተኛዋን ደረጃ በጣቱ ጠረገ። ጣቱን አውጥቶ ለሁለቱም አሳያቸው። ንጹሕ ነበር። ጉዳፍ የለ፣ የሸረሪት ድር የለ። አንድም ቃል ሳይናገር ዲጂኖውንና መዶሻውን በጆንያ ጠቀለለ። «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለና በተማሪዎቹ መሐል አልፎ ሄደ።

በሳምንቱ ገመድና የራስ ቁር ያላቸው ሁለት ሰዎች ወረዱ። አስራ ዘጠኝ ደረጃ ቆጠሩ። መጨረሻው ግድግዳ ነው። መቃብር የለም፣ ሣጥን የለም፣ በር የለም። ግድግዳውን ቢመቱት ድፍን ሆነባቸው። «አገልግሎቱ ያልታወቀ ደረጃ» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው ሄዱ። ስለ መጥረጊያው የጠየቃቸው የለም፤ እትዬ ካውያም አልጠየቀችም።

ቀዳዳው በብረት ፍርግርግ ተከደነ፤ ታች መብራት ገባለት። ጎብኚው አሁን ከካባው ይልቅ ደረጃውን ለማየት ይጋፋል፤ ኃላፊውም ካባውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው። እሱ ራሱ ግን ወደዚያች ክፍል እግሩን አያነሳም፤ እንግዳ ሲያስጎበኝ ቅስቱ ጋ ቆሞ በእጁ ያመለክታል።

እትዬ ካውያ ሥራዋን ቀጠለች። ድንጋዩ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ፈቀቅ በል የተባለ ሰው አልመጣም። ማዳመጫ የሚመልሰውን ሁሉ ዳር ዳር እያለች ትጠይቅ ነበር፦ «አስራ አራት ቁጥር እንዴት ነበር? የተለየ ነገር አለ?» ሰዎቹ «ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል» ብለው ያልፋሉ። መጀመሪያ እፎይ አለች። ወር ሲሞላው ግን አንድ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ሁሉ። ተሰልፈው የነበሩት ጎብኚዎች ግራ ገብቷቸው ማዳመጫውን ራሳቸው እያነሡ አለፉ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ትረካው በየሰው ስልክ ላይ እንዲሰማ ተደረገ። አሮጌዎቹ ማዳመጫዎች በካርቶን ታሽገው ሊወገዱ ሆነ። እትዬ ካውያም ጡረታዋ ደርሶ ልጇ ዘንድ ልትገባ ዕቃዋን ስትሸክፍ የድምፅ ባለሙያዋ ካርቶኑን ከፍታ አንድ ማዳመጫ ከነቻርጀሩ አወጣችላት።

«ይውሰዱት እንጂ እትዬ፣ ማስታወሻ ይሆንዎታል።»

እትዬ ካውያ ማዳመጫውን ተቀበለች። በመሐረብ ጠቀለለችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቻርጀሩን መልሳ ሰጠቻት።

«ያለዚህ እኮ አይሠራም» አለች ባለሙያዋ።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ዝም ብሎም ይበቃኛል» አለች። ቦርሳዋን ዘጋች፤ ልጇ መኪና ይዛ ውጪ ትጠብቃት ነበር።